ትራሱ ሥር ያለው ዳቦ

ደብዳቤው ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ማንነቷን የሚጠቁም ነገርም አውጥቼበታለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ቤተሰቦቼ ደብረ ብርሃን ናቸው። አባዬ በ1976 በብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ያኔ 18 ዓመቱ ነበር። ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ተብሎ የሄደ ሰው የተመለሰው በ1984 ነው። ኤርትራ ውስጥ፣ አፍአበት፣ እንደነበረ የነገረችን እማዬ ናት። አስመራ ስትያዝ በእግሩ ሱዳን እንደገባም የምናውቀው ከሷ ነው። እሱ አንድም ቀን አውርቶን አያውቅም።

ሌሊት ይጮኻል። አንዴ በእንቅልፍ ልቡ እማዬን አንቆ ስለያዛት ከዚያ ወዲህ ለብቻዋ ነው የምትተኛው። ትራሱ ሥር ሁልጊዜ ዳቦ አለ። ሲደርቅ ይቀይረዋል። ምግብ ቤት ስንገባ ጀርባውን ለበር አይሰጥም። የመስቀል ርችት ሲጀምር ከቤት ይጠፋል። ታናሽ ወንድሜን በቀበቶ ይመታው ነበር፤ ዛሬ አይነጋገሩም። እኔን መትቶኝ አያውቅም። ግን ትምህርት ቤት ስሸለም አልመጣም። ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ደግሞ በሩ ጋ ትንሽ ቆሞ ወጣ።

በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀምር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ያመሽ ነበር። አረቄ ያበዛው ያኔ ነው። ጦርነቱ ቆመ፣ አረቄው አልቆመም። ባለፈው ለፋሲካ ሄደን የ7 ዓመት ልጄ «አያዬ፣ ሰው ገድለህ ታውቃለህ?» አለው። ተነስቶ ወጣ። የት እንዳደረ አናውቅም። በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ጓሮ ገብቶ ጎመን ሲኮተኩት አገኘነው።

እማዬ «ተዉት፣ አትነካኩት» ትላለች። ወንድሜ «ጦርነት ሰበብ ነው» ይላል። እኔ ግራ ገባኝ። እንዲያወራ ላድርገው ወይስ ልተወው? ደግሞ ልዋሽዎት አልፈልግም፣ አባዬ ላይ ቂም አለኝ። ኃጢአት ነው?»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ልጅሽ የጠየቀው ጥያቄ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ያንን ጥያቄ እኔም ጠይቄዋለሁ። ልክ እንደሱ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ 1970 ነው። አጎቴ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ኦጋዴን የዘመተ ሚሊሺያ ነበር። የካቲት 26 ካራማራ ላይ ድል ሆነ። እሱ ከዚያ በኋላ ሲመለስ ሰፈሩ በእልልታ ተቀበለው። በግ ታረደ፣ ተፎከረ፣ ተሸለለ። እኔ ጭኑ ላይ ተቀምጬ «ስንት ሰው ገደልክ?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ቀስ አድርጎ አወረደኝና «ሂጂ ውሃ አምጪልኝ» አለኝ። ውሃውን ይዤ ስመለስ ቦታው ላይ አልነበረም። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ይህን የምነግርሽ ልጅሽ ያጠፋው ነገር እንደሌለ እንድታውቂ ነው። አባትሽም ልጁን ጠልተው አልወጡም። አጎቴ አሸንፎ፣ ተጨብጭቦለት፣ በግ ታርዶለት ተመልሶ እንኳ ለዓመታት ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛ ነበር። አባትሽ ግን ተሸንፈው ነው የተመለሱት። ይህን ልዩነት ቆም ብለሽ እንድታስቢው እፈልጋለሁ። ቤታችሁ ውስጥ ያለው ዝምታ ግማሹ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

አባትሽ የተወሰዱበት የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ይጠራ ነበር። ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት፣ ከዚያ ወደ ቤት። ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ነበር የተጻፈው። አባትሽ ያቺን ቀን እየቆጠሩ ነው የሄዱት። 20 ዓመት ተኩል ሲሆናቸው መመለስ ነበረባቸው። የተመለሱት 26 ሞልቷቸው ነው። ቀን እየቆጠሩ ኖረው፣ ቀኑ ደርሶ ሲያልፍና ማንም ምንም ሳይል ሲቀር ሰው ውስጡ ምን እንደሚሆን እስቲ አስቢው።

አፍአበት ናደው ዕዝ የሚባለው ትልቅ የጦር ክፍል ዋና ሰፈር ነበረች። ውጊያው ሊጀመር አንድ ወር ያህል ሲቀረው የዕዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በራሳቸው መንግሥት ትእዛዝ ተረሸኑ። ከዚያ መጋቢት 1980 መጣ። ዕዙ በጥቂት ቀናት ፈረሰ። ሊያፈገፍግ የሞከረ የታንክና የመኪና ሰልፍ ጠባብ መተላለፊያ ላይ መንገድ ሲዘጋበት፣ መሣሪያው በሻዕቢያ እጅ እንዳይገባ ተብሎ የራሱ ወገን አውሮፕላኖች ደበደቡት። አባትሽ ከዚያ እንዴት እንደወጡ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ፊት ለፊት ጠላት፣ ከላይ ደግሞ የራስ አውሮፕላን። ከዚህ በኋላ ሰው ጀርባውን ለበር ባይሰጥ ይገርማል?

በየካቲት 1982 ምፅዋ ተያዘች። አስመራ ያለው ጦር ከዚያ ወዲህ ከባሕሩም ከመንገዱም ተቆረጠ። ስንቅና ጥይት የሚደርሰው በአውሮፕላን ብቻ ሆነ። ከአንድ ዓመት በላይ እንደዚያ ቆየ። አሁን ትራሱ ሥር ያለውን ዳቦ አስቢው። ያ ዳቦ እብደት አይደለም። ነገ የሚበላ ላይኖር እንደሚችል በሆዱ የተማረ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። አንሥታችሁ አትጣሉባቸው። ማንም እንዳይቀልድበት። ብትችዪ እንዲያውም ስትሄጂ ትኩስ ዳቦ ይዘሽላቸው ሂጂ፤ ምንም ሳትዪ።

ግንቦት 1983 አስመራ ስትያዝ ብዙ ሺህ ወታደር በከረን በኩል ወደ ሱዳን በእግሩ ተጓዘ። በጥምና በድካም በረሃ ላይ የቀረው ቀረ። ሱዳን ከሰላ ከተማ የደረሰው መሣሪያውን አስረክቦ እስኪመለስ ጠበቀ። አገሩ ሲገባ የላከው መንግሥት የለም። ሠራዊቱም ፈርሷል። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የቀድሞ ወታደር ወደየቤቱ ተሰናበተ። ስሙ እንኳ ተቀየረ፤ «የደርግ ወታደር» ሆነ። በአዲስ አበባ መንገዶች የወታደር ካፖርት ለብሰው በክራንች እየሄዱ የሚለምኑ ወጣቶችን የእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። እነዚያ ሰዎች ትናንት ከኛ ጋር ትምህርት ቤት የነበሩ ልጆች ናቸው። አብዛኞቻችን ሳንቲም ወርውረን አልፈናቸዋል። እኔም አልፌያቸዋለሁ።

በዚያ ጊዜ አንድ የ26 ዓመት ልጅ ደብረ ብርሃን ገብቶ ስለ አፍአበት ለማን ያውራ? ጎረቤቱ ያለችው እናት ልጇ ሞቶ ይሁን ተማርኮ ሳታውቅ በር በሩን ታያለች። «አንተ መጣህ፣ የኔስ?» የሚለውን ዓይኗን ማየት ራሱ ይከብዳል። ሥራ ሲፈልግ ወታደር መሆኑን ቢደብቅ ይሻለዋል። ጓደኞቹ ሜዳ ላይ ቀርተዋል። መርዶ አልተነገረላቸውም። ድንኳን አልተተከለላቸውም። ፍትሐት አልደረሰላቸውም። እኛ እኮ ማልቀስ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ለማናውቀው ጎረቤት ሦስት ቀን ለቅሶ የምንቀመጥ ሰዎች ነን። አባትሽ ግን የጓደኞቻቸውን ለቅሶ የተቀመጡበት ቀን የለም። ዝም ማለትን ያስተማራቸው ጦርነቱ ብቻ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ሰላምም ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ላስወራው ወይስ ልተወው አልሽ። እኔ ሁለቱንም አልመክርሽም።

«ንገረን፣ ይቀልልሃል» ማለት ደግነት ይመስላል። ግን ሳይዘጋጅ በግድ የሚተርክ ሰው ቁስሉ ይከፈትና የሚያስርለት ያጣል። የሠለጠነ ባለሙያ እንኳ መጀመሪያ የሚያየው እንቅልፉን፣ መጠጡንና ደህንነቱን ነው። ታሪኩ ጋ የሚደርሰው ቀስ ብሎ ነው። «ተዉት» ደግሞ የትም አላደረሳችሁም። እናትሽ 30 ዓመት ተውዋቸው፤ ከፍቅር የተነሣ ነው። ሁላችሁም ግን በገዛ ቤታችሁ ኮቴያችሁን እያጠፋችሁ ነው የኖራችሁት።

ጦርነቱን ተዪውና ሰውየውን ጠይቂ። አጎቴ ከእኔ ጋር ያወራው ያቺ የውሃ ብርጭቆ ካለፈች ከ30 ዓመት በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ አጥር እያጠረ እኔ ሚስማር አቀብለው ነበር። «ታጠቅ እያላችሁ ጫማ ይበቃችሁ ነበር?» አልኩት፣ እንዲያው ለወሬ ያህል። ሳቀ። የደረሰው ጫማ ይጠበው እንደነበር፣ የጓደኛው ደግሞ ይሰፋው እንደነበር፣ እየተቀያየሩ እንደኖሩ ነገረኝ። ከዚያ ያ ጓደኛው የት እንደቀረ ነገረኝ። መዶሻውን አላቆመም። እኔም ቀና ብዬ አላየሁትም። ሚስማር ማቀበሌን ቀጠልኩ።

አባትሽ ጎመን ይኮተኩታሉ። መግቢያሽ እሱ ነው። አጠገባቸው ሆነሽ አንቺም ኮትኩቺ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ዓይኑን እያዩ ወታደርን መጠየቅ ምርመራ ነው የሚመስለው። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። «ያ የወታደሩ ደረቅ ብስኩት፣ ኮቾሮ፣ በውሃ ካልተነከረ አይበላም የሚሉት እውነት ነው?» «ከቤት ደብዳቤ ይደርሳችሁ ነበር?» «የሳህል ተራራ ሌሊት እንደ ደብረ ብርሃን ይበርዳል?» እንደዚህ ያለ ነገር። «የሚያስቅህ ጓደኛህ ማን ነበር?» የሚለው ከበድ ስለሚል ለሌላ ቀን አቆይው። ከመለሱ ስሚ። ካልመለሱ ስለ ጎመኑ ቀጥይ። ደግሞ ሲያወሩሽ እንዳታለቅሺባቸው ሞክሪ። ልጃቸው ስታለቅስ ካዩ እንደገና ሊጠብቁሽ ይፈልጋሉ፤ እሳቸው የሚያውቁት መጠበቂያ ደግሞ ዝምታ ነው። ማልቀሱን አዲስ አበባ ስትመለሺ አልቅሺው።

«ገድለሃል ወይ?» የሚለው ግን ከቤተሰብ አይምጣ። እሱ ከንስሐ አባታቸው ጋር የሚጨርሱት ነገር ነው፣ ከፈለጉ። አንድ ቀን የሞተ ጓደኛቸውን ስም ከጠሩልሽ ግን አትለፊው። «ጸሎት ይደረግለት ወይ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የጓደኛቸውን የክርስትና ስም ባያውቁትም ካህኑን ማማከር ይቻላል። ትንሽ ዝክር፣ ጥቂት ጎረቤት፣ አንድ እንጀራ በወጥ። 40 ዓመት የዘገየ ለቅሶም ለቅሶ ነው።

ስለ ሕክምናው አጠር ላድርገው። የምትገልጪው ነገር፣ ቅዠቱ፣ መበርገጉ፣ በር መጠበቁ፣ ከሰው መሸሹ፣ በሐኪሞች ዘንድ ስም አለው። ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ነው፤ ፒቲኤስዲ ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። አባትሽ ከመዝመታቸው ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1980 እ.ኤ.አ.፣ ነው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በዚህ ስም የመዘገቡት። ብዙ ዓመት ቢቆይም ይታከማል፤ በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም። ችግሩ መውሰዱ ላይ ነው። «አማኑኤል» የሚል ቃል ሲሰሙ የሚበረግጉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ስማችን ይጠፋል ብለው። ስለዚህ በእንቅልፍ ጀምሪ። «እንቅልፍ አጥተህ ስንት ዓመትህ ነው፣ ለሱ እንኳ ሐኪም ይይህ» በያቸው። ማታለል አይደለም። እንቅልፍ ማጣታቸው እውነተኛ ሕመም ነው። አዲስ አበባ የግድ መምጣት የለባቸውም፤ እዚያው ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዳለ ጠይቂ። መጀመሪያ አንቺ ብቻሽን ሄደሽ የጻፍሽልኝን ለባለሙያው ንገሪው። ጠበል የሚሄዱ ከሆነም ይሂዱ፤ መድኃኒቱን ግን ለጠበሉ ብለው እንዳያቋርጡ።

አረቄውን በአንድ ቀን አቁም ብላችሁ አታስጨንቋቸው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥና መቃዠት፣ ሲብስም የሚጥል ሕመም ሊመጣበት ይችላል። በሐኪም እየታዩ ነው የሚያቆሙት። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ዘመድ ጋ ይቀመጥ። «ሞቼ ባረፍኩ» ካሉ ደግሞ እንደ ወሬ አታሳልፉት። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

ሌሊት ሲጮኹ ማንም አይንካቸው። እናትሽ የታነቁት በክፋት አይደለም፤ በእንቅልፍ ልባቸው የነካቸው እጅ የማን እንደሆነ አያውቁም። ከእግርጌ በኩል ራቅ ብሎ መቆም፣ መብራት ማብራት፣ በስማቸው መጥራት። «ቤትህ ነህ፣ ደብረ ብርሃን ነው፣ እኔ ነኝ» ማለት። ርችቱንም አስቀድማችሁ ተዘጋጁበት። ለደመራ ዋዜማ ገጠር ያለ ዘመድ ጋ ይሂዱ፣ አንድ ሰውም አብሯቸው ይሂድ። ያኔ ጠፉ አይባልም፤ ዘመድ ጥየቃ ሄዱ ነው የሚባለው።

ወንድምሽን አትከራከሪው። ቀበቶው ያረፈው እሱ ጀርባ ላይ ነው። ጦርነቱ አባትሽ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ይነግረናል፤ የተመታውን ልጅ ግን አልተመታህም አያሰኘውም። «እሱ እኮ ታሞ ነው፣ ይቅር በለው» እያልሽ አትጎትቺው። አባትሽ እየተሻላቸው ከመጡ፣ «አጥፍቻለሁ» የምትለዋን ቃል ለልጃቸው መናገር የሚችሉት እሳቸው ናቸው። ያቺን ቃል አንቺ ልትዪላቸው አትችዪም፣ ሽማግሌም አይልላቸውም።

አሁን ቂም ያልሽው። እኔ ደብዳቤሽ ውስጥ ቂም አላየሁም። ቂም የያዘ ሰው የሚመኘው የሌላውን መጎዳት ነው። አንቺ የተመኘሽው ሽልማትሽን እንዲያዩልሽ ነበር። ይህ ናፍቆት ነው፤ ኃጢአትም አይደለም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ስትመረቂ «በሩ ጋ ትንሽ ቆሞ ወጣ» ብለሻል። እስቲ የራስሽን ዓረፍተ ነገር ደግመሽ አንብቢው። መጥተዋል። ርችት ሲሰሙ ከቤት የሚጠፉ ሰው፣ ብዙ ሰው የታጨቀበት፣ ጭብጨባና ጩኸት ያለበት አዳራሽ በር ድረስ መጥተዋል። የቻሉት እስከዚያ ድረስ ነው። ይህን ስልሽ ማዘን አልነበረብሽም ማለቴ አይደለም። እሳቸው መጥተዋል፤ አንቺም ያን ቀን አባት አጠገብሽ አልነበረም። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

ለልጅሽ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። «አያትህ ልጅ ሳሉ ጦርነት ልከዋቸው ነበር። ብዙ የሚያስፈራ ነገር አይተዋል። ስለሱ ሲጠየቁ ያማቸዋል። አንተ አላጠፋህም፣ አላወቅህም» በይው። ከዚያ ኮትኩቶ መትከል ያስተምሩት ዘንድ ወደ ጓሮው ላኪው። ሰባት ዓመቴ ላይ ብርጭቆውን ይዤ ስቆም ማንም ይህን አልነገረኝም። አጎቴን ያስቀየምኩት መስሎኝ ስንት ጊዜ እንደፈራሁት አልነግርሽም።

እናትሽን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኳቸው ረስቼያቸው አይደለም። ደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግመሽ ጠቅሰሻቸዋል፤ አንዴም ስለ ራሳቸው አይደለም። ታሪኩን የነገሩሽ እሳቸው ናቸው። የታነቁት እሳቸው ናቸው። ለብቻ የሚተኙት እሳቸው ናቸው። «ተዉት» የሚሉትም እሳቸው ናቸው። ያ ሌሊት በነጋ ጊዜ ለማን ነገሩ? እኔ ለማንም አልነገሩም ባይ ነኝ። በሚቀጥለው ስትሄጂ፣ ጓሮ ከመግባትሽ በፊት፣ ቡና አፍልታችሁ «እማዬ፣ አንቺስ እንዴት ነበርሽ?» በያቸው። ስለሱ ሲነግሩሽ «እሱን ተዪው፣ አንቺን ነው የጠየቅኩሽ» በያቸው። ሦስተኛው እስኪቀዳ ጠብቂያቸው።

ያሉሽንም ጻፊልኝ።